አምስት ሰዎችና አንድ ስም፤ የአንድ ሸክላ አሠራርና የደራሲነት ጥያቄ

በነጠላ ሸክላ መካከል በሚለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፈኑ ስም፣ የዘፋኞቹ ስምና የደራሲው ስም ይጻፋል። ይህ ሦስተኛው ስም ከሁሉ ባነሰ ፊደል ይጻፍ እንጂ የሚወስነው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከሸክላው ሽያጭና ዘፈኑ በራዲዮ ከመሰማቱ የሚገኘው የደራሲነት ድርሻ ለማን እንደሚከፈል የሚያስታውቀው እርሱ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ዘ አኒማልስ» የተባለው የእንግሊዝ አገር የሮክ ባንድ በ1964 ያወጣውን «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚንግ ሰን» የተሰኘ ሸክላ አሠራር መርምሮ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ከተሠራው ሥራ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። የዘፈኑን ስም በአማርኛ «የፀሐይ መውጫ ቤት» ልንለው እንችላለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ዘፈን ሲነገር ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «ዘፈኑ የአኒማልስ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የሕዝብ ዘፈን ስለ ሆነ ባለቤት የለውም» የሚለው ነው። በእኛ አሳብ ሁለቱም ከእውነቱ ይርቃሉ። ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ዘፈን ደራሲ የሌለው ሳይሆን ብዙ ደራሲ ያለው ሥራ ነው፤ ስማቸው ስላልተጻፈ ብቻ የሌሉ ይመስላሉ። ስማቸው ሳይጻፍ የቀረውም በተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ብዕር የያዘው ሰው ስላልጻፈው ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከሸክላው በፊት የነበረውን ታሪክ አስቀድመን መመልከት ይገባናል።

፩. ዘፈኑ ከሸክላው በፊት

የግጥሙ ጭብጥ አጭር ነው። በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ «የፀሐይ መውጫ» የሚሉት ቤት አለ፤ ቤቱ የብዙ ድኾችን ልጆች ሕይወት አጥፍቷል፤ ተራኪውም ከጠፉት አንዱ መሆኑን ይናገራል። ቤቱ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው የሚሉ አሉ፤ እስር ቤት ነው የሚሉም አሉ፤ በማስረጃ የጸና ግን የለም። ለዘፈኑም ይህ ጉዳት አልሆነበትም፤ ቤቱ ያልተገለጸ በመሆኑ እያንዳንዱ ዘፋኝ የሚፈራውን ነገር አስገብቶበታል።

እስካሁን ከሚታወቁት ኅትመቶች የመጀመሪያው በ1925 ሮበርት ዊንዝሎ ጎርደን የተባለ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ «አድቬንቸር» በተባለው መጽሔት ያወጣው ነው። ከሚታወቁት ሸክላዎች ደግሞ የመጀመሪያው በ1933 ክላረንስ አሽሊና ግዌን ፎስተር ያስቀረጹት ሲሆን፣ አሽሊ ዘፈኑን ከአያቱ እንደ ተማረ ተናግሯል። ከዚህም ኅትመቱም ሆነ ሸክላው የዘፈኑ መነሻ እንዳልሆኑና፣ ከሁለቱም በፊት ብዙ ዘፋኞች ሲቀባበሉት እንደ ኖሩ እንረዳለን።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 1937 አለን ሎማክስ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያውን ይዞ በኬንታኪ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሚድልስቦሮ ሄደና የማዕድን ቆፋሪ ልጅ የሆነችውን የ16 ዓመት ልጃገረድ ጆርጂያ ተርነርን አስዘፍኖ ቀረጻት። በዚያው ጉዞ በርት ማርቲን ከተባለ ሌላ ዘፋኝ የተለዩ ስንኞች አገኘ። በ1941 ዘፈኑ በመጽሐፍ ሲታተም ሎማክስ የተርነርን ስም ጻፈ፤ ከማርቲን ስንኞች መጨመሩንም አስታወቀ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት ነገር ልብ እንበል። ሰብሳቢው የሁለት ሰዎችን ቃል አንድ ላይ ሰፍቶ አንድ ዘፈን ስላደረገ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዘፈን በዚያ መልኩ የዘፈነ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከማን ምን እንደ ወሰደ ስለ ጻፈ፣ ዛሬ ስፌቱን ፈትተን ማየት እንችላለን።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ከተራራው አገር ወጥቶ ወደ ከተማ ገባ። በ1940ዎቹ ውዲ ገትሪ፣ ጆሽ ዋይትና ሌድ ቤሊ ዘፈኑት። በኒው ዮርክ ዴቭ ቫን ሮንክ የተባለ የጊታር ዘፋኝ፣ ወፍራሙ ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሚሄድበት አዲስ የኮርድ ቅደም ተከተል አበጀለት። በኖቬምበር 1961 ወጣቱ ቦብ ዲለን የመጀመሪያ አልበሙን ሲቀርጽ በዚሁ በቫን ሮንክ አሠራር ዘፈነው፤ ቫን ሮንክ ራሱ ሊያስቀርጸው አስቦ ነበርና ነገሩን ሲሰማ ደስ አላለውም። ሸክላው በ1962 ከወጣ በኋላ ሰዎች «ይህን ከዲለን ወሰድህ» እያሉ ስላስቸገሩት መዝፈኑን ተወ። ቫን ሮንክ እንደ ተናገረው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዲለንም በተራው «ከአኒማልስ ወሰድህ» ስለ ተባለ ተወው። ለሳቅ የሚነገር ወሬ ይመስላል፤ ነገር ግን አድማጭ የዘፈንን ባለቤት የሚያውቀው በመጨረሻ ከሰማው ሸክላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

፪. ሸክላው እንዴት ተሠራ

አኒማልስ የኒውካስል ከተማ ልጆች ነበሩ። ዘፋኙ ኤሪክ በርደን፣ ኦርጋን ተጫዋቹ አለን ፕራይስ፣ ጊታር ተጫዋቹ ሂልተን ቫለንታይን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቻስ ቻንድለር፣ ከበሮ መቺውም ጆን ስቲል ይባላሉ። ኒውካስል በከሰል ድንጋይና በመርከብ ሥራ የምትታወቅ የሠራተኞች ከተማ ናት። ጆርጂያ ተርነርም የተወለደችው ከከሰል ቆፋሪዎች መንደር ስለ ሆነ፣ ዘፈኑ ባሕር ተሻግሮ የገባው ወደ ፍጹም ባዕድ ቤት አልነበረም ለማለት ይቻላል። በርደን ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማው በኒውካስል በአንድ ክበብ ውስጥ ጆኒ ሃንድል የተባለ የአገሩ ዘፋኝ ሲዘፍነው እንደ ነበረ ተናግሯል። የዲለን አልበምም በባንዱ ዘንድ የታወቀ ነበር፤ የባንዱ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላ የተወሰደው በዚያ አልበም ውስጥ ካለ ሌላ ዘፈን ነውና።

በሜይ 1964 አኒማልስ ከአሜሪካዊው ከቸክ ቤሪ ጋር በእንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወሩ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዙር የተሰለፉት ባንዶች ሁሉ ፈጣን ሮክ ስለሚጫወቱ፣ በፍጥነት ከቤሪ ጋር መወዳደር ከንቱ መሆኑን ተረድተው ለየት ያለ ነገር ፈለጉ፤ ቀስ ብሎ የሚጀምረውን ይህን ዘፈንም የጨዋታቸው መዝጊያ አደረጉት። የሕዝቡ አቀባበል እጅግ የበረታ ሆነ። የሸክላ አዘጋጃቸው ሚኪ ሞስት በመጀመሪያ ቢጠራጠርም ይህን አይቶ ተስማማ። ሜይ 18 ቀን በጨዋታ መካከል ወደ ሎንዶን መጥተው ኪንግስዌይ በተባለው መንገድ ላይ በነበረው በደ ሌን ሊ ስቱዲዮ ገቡና፣ ለሸክላው የዋለውን ድምፅ በአንድ ጊዜ ጨዋታ ጨርሰው ወደ ጉዟቸው ተመለሱ።

ስለዚህ «በሩብ ሰዓት ተሠራ» እየተባለ በአድናቆት ይነገራል። አባባሉ ሸክላው ስለ ተቀረጸበት ጊዜ እንጂ ሥራው ስለ ፈጀው ጊዜ አይናገርም። በስቱዲዮ የዋለው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት በየሌሊቱ በሕዝብ ፊት ተፈትኗል፤ ከዚያም በፊት ቫን ሮንክ ኮርዱን ቀይሮታል፤ ተርነር በኬንታኪ ዘፍናዋለች። አምስቱ ወጣቶች በአንድ ጨዋታ ሊጨርሱት የቻሉት ብዙ ሰዎች አስቀድመው ስለ ሠሩት ነው።

ሌላው ችግር ርዝመቱ ነበር። በዚያ ዘመን በራዲዮ የሚሰማ ነጠላ ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ይህ ግን ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ሞስት ሳይቆርጥ በሙሉው እንዲወጣ ፈቀደ፤ በጁን 1964 በእንግሊዝ አገር ወጥቶ በጁላይ የአንደኝነት ደረጃ ያዘ። በአሜሪካ ያሳተመው ኩባንያ ግን ከሦስት ደቂቃ በታች አሳጥሮ አወጣው፤ እዚያም ከሴፕቴምበር 5 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች አንደኛ የሆነው አንድ ስም ያለው እንጂ በትክክል አንድ የሆነ ሥራ አይደለም።

፫. ሥራው ሲመዘን

አኒማልስ ከሌሎች የተቀበሉትን ካወቅን፣ እነርሱ የጨመሩትን ለይቶ መናገር የሐያሲ ግዴታ ነው።

መጀመሪያ የጊታሩን እንመልከት። ቫለንታይን የኮርዱን ድምፆች ባንድነት ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ እያነሣ፣ እየወጣና እየወረደ፣ በ6/8 ምት ይጫወታቸዋል። ቅደም ተከተሉ ከዲለን ሸክላ የመጣ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ አነሣሡ ግን የእርሱ ነው። ይህ መክፈቻ በማይነር ቅኝት ሲሰማ ገና ቃል ሳይነገር መጥፎ ነገር እንደሚመጣ ያስታውቃል። ጊታር መማር የጀመረ ወጣት በየአገሩ ይህን መክፈቻ ሲለማመድ ይሰማል፤ ዘፈኑን ከሺሕ ዘፈኖች መካከል በሁለት ሴኮንድ የሚያስለየውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ኦርጋኑ ነው። የፕራይስ ኦርጋን ቀስ ብሎ ከኋላ ይገባል፤ በመካከል ብቻውን ይጫወታል፤ እስከ መጨረሻውም ኀይሉን እየጨመረ ይሄዳል። ኦርጋኑ ባይኖር ጊታሩ ያው የጀመረውን እየደጋገመ በቀረ ነበር። ሦስተኛው የቻንድለርና የስቲል ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሱት እነዚህ ሁለት ሰዎች ምቱን ሳያፋጥኑ ድምፁን ብቻ እያበረቱ መሄዳቸው ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አራተኛው የበርደን ድምፅ ነው። በዝቅታ እንደ ተራኪ ይጀምርና ወደ መጨረሻው በከፍታ እንደ ተከሳሽ ይጮኻል። ሲቀረጽ ገና 23 ዓመት የሞላው ወጣት ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ያስመስለዋል።

እንግዲህ የሸክላው ኪነት ያለው ቀስ በቀስ በመውጣቱ ነው። ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ጫፍ የሚወጣ ሥራ መካከሉ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ በድንገት ይገኛል፤ መንገዱን ያልሄደ አድማጭም የጩኸቱ ምክንያት አይገባውም። በአሜሪካ የወጣው አጭሩ ቅጂ ጉድለቱ ይህ ነው። ምንም እንኳ ገበያው ቢቀበለው፣ ሞስት ርዝመቱን መጠበቁ ከንግድ ድፍረትነቱ ይልቅ የሙዚቃ ማስተዋል ነበር ብለን እናምናለን።

በግጥሙ በኩል ግን የጠፋ ነገር አለ። በ1925 በታተመው፣ ተርነር በዘፈነችውና ዲለንም በቀረጸው ዘፈን ተራኪዋ ሴት ናት፤ በአኒማልስ ሸክላ ወንድ ልጅ ሆኗል። ብዙዎች ይህን ለውጥ ለራዲዮ ሲባል አኒማልስ የፈጠሩት አድርገው ያወራሉ። ነገር ግን በ1933 አሽሊ ሲዘፍነው የጠፉት ወንዶች ልጆች ስለ ነበሩ፣ የወንዱ ትረካ ከአኒማልስ በ31 ዓመት የቀደመ ነው። ስለዚህ አኒማልስ ለውጡን አልፈጠሩትም፤ ቀድሞ ከነበሩት ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ተከተሉ እንጂ።

መንገዱን መምረጣቸው ግን ዋጋ አለው። ተርነር ስትዘፍን ሰካራሙ የተራኪዋ ወዳጅ ነው፤ ምክሩም ለታናሽ እኅቷ የሚላክ ነው። አንዲት ልጅ ሌላዋን ልጅ «ወደዚያ ቤት አትሂጂ» ስትል፣ ቤቱ ምን እንደ ሆነ ባይነገርም አድማጭ ይገባዋል። በአኒማልስ ዘንድ አጥፊው ቁማርተኛው አባት ነው፤ ምክሩም በጥቅሉ እናቶች ለልጆቻቸው እንዲነግሩ ነው። ጥፋቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ሆነ፤ ይህም የራሱ ኀይል አለው። ይሁን እንጂ ቤቱ በሴት ልጅ ላይ የሚያደርሰው ልዩ በደል ከዘፈኑ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ እናት ብቻ በሁለቱም ውስጥ እንደ ነበረች ቀረች። ሸክላው በድምፅ ያተረፈውን ያህል በነገር አጥቷል ማለታችን ስለዚህ ነው።

፬. የስሙ ነገር

በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። በእንግሊዙ ሸክላ ላይ ዘፈኑ የሕዝብ መሆኑ ከተገለጸ በኋላ፣ ያቀናበረው ፕራይስ መሆኑ ተጽፏል። የዘፈኑ ቃልና ዜማ ባለቤት የሌለው የጋራ ሀብት ነው ሲባል፣ በሕግ ዐይን የቀረው ሥራ ቅንብሩ ብቻ ነው፤ ከቅንብሩ የሚገኘውም የደራሲነት ድርሻ ስሙ ለተጻፈው ሰው ይሆናል። በርደን ሲያስረዳ፣ በወረቀቱ ላይ ለአምስት ሰዎች ስም ቦታ የለም ስለ ተባለ በፊደል ተራ የቀደመው የአለን ስም ተጻፈ ይላል። ፕራይስ በ1965 ከባንዱ ወጣ፤ የስሙ ነገርም ለብዙ ዓመታት በጓደኞቹ ልብ ውስጥ ቅሬታ ሆኖ ኖረ።

ይህ ጽሑፍ የፕራይስን ቅንነት ለመዳኘት አልተነሣም። ኦርጋኑ ለሸክላው ምን ያህል እንዳስፈለገው ከዚህ በላይ ተናግረናል፤ ስለዚህ ስሙ ያለ አገባብ ገባ ሊባል አይቻልም። ጥያቄያችን የእርሱ ስም ለምን ገባ የሚል ሳይሆን፣ የሌሎቹ ለምን ቀረ የሚል ነው። ዘፈኑን ለዓለም ያስተዋወቀው የቫለንታይን መክፈቻ «ቅንብር» ካልተባለ ቅንብር ምንድር ነው? የቫን ሮንክ የኮርድ ቅደም ተከተልስ?

ምናልባት «ከሕዝብ ዘፈን ላይ እያንዳንዱን ዘፋኝ እየቆጠርን ልንከፍል አንችልም፤ የቁጥሩ መጨረሻ የለውም» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ክርክሩ ስለ ክፍያ ከሆነ ክብደት አለው። በአሽሊ አያት ዘመን የነበሩትን ሰዎች ፈልጎ መክፈል የማይቻል ነው። ሆኖም የማይታወቁት ሰዎች መኖራቸው የታወቁትን ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይገባውም። ቫለንታይን ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ተርነር በ1964 በሕይወት ነበረች። ዘፈኑ በሁለት አኅጉር አንደኛ ሆኖ ሲሰማ ከዚያ የደረሳት ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር፤ በ1969 በ48 ዓመቷ ሞተች። እንግዲህ «ዘፈኑ የሁሉ ነው» የሚለው ያማረ አነጋገር በተግባር ሲታይ፣ ዘፈኑ ለፈረመው ሰው ነው ማለት ሆኗል።

፭. ለተማሪ የሚሆነው ትምህርት

የዚህ የሸክላ ታሪክ ለእኛ ባዕድ የማይሆነው ስለዚህ ነው። በአገራችንም ትዝታን ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እያንዳንዱ አዝማሪ የራሱን ስንኝ ይጨምርበታል፤ ጨምሮም ይሄዳል። የቃል ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ግጥሙን ጽፎ ወይም በእጅ ስልኩ ቀርጾ ሲመለስ፣ በወረቀቱ ራስጌ «የሕዝብ ግጥም» ብሎ መጻፍ ይቀለዋል። ቃሉ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ ለሚመጣው ፈራሚ በሩን የሚከፍተው ይህ ቃል ነው።

ከሎማክስ የምንማረው ዘዴ ከባድ አይደለም። የዘፋኙን ስም፣ ዕድሜውን፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ፤ ዘፋኙ ከማን እንደ ተማረው መጠየቅ፤ ከሁለት ሰዎች የተሰበሰበውን አንድ አድርገን ስንጽፍ የትኛው ስንኝ ከማን እንደ መጣ ማስታወቅ፤ ስሙ እንዲወጣ ይፈቅድ እንደ ሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እርግጥ ይህ ሁሉ መጻፉ ብቻውን ለጆርጂያ ተርነር ተገቢውን ገንዘብ አላስገኘላትም። ነገር ግን ስለ እርሷ ዛሬ ልንከራከር የቻልነው፣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ሰብሳቢ በ1937 ስሟን በደብተሩ ላይ ስለ ጻፈ ነው።

ሸክላውን ስንሰማ አምስቱን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ለይተን እንሰማቸዋለን፤ ማንም ጆሮ ያለው ሰው አንድ ሰው ብቻ ሠራው ሊል አይችልም። ወረቀቱ ጠቦ ይሆናል። የተማሪ ደብተር ግን አይጠብብም።